ከገጹ ላይ ያጠፋሁት ሰማያዊ እራፊ

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «መጽሐፍ ትኩላለች» ትላለች። ሰዉ ይስቃል፤ እኔም የተሻለ ማብራሪያ ስለሌለኝ አብሬ እስቃለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ በኢንተርኔት ለሚሸጡ መጻሕፍት ገጽ አሳምራለሁ። ድሮ በኢንተርኔት ሱቅ አንድ መጽሐፍ ሲወጣ የሚታየው ሽፋኑና ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር። አሁን ከሽፋኑ በታች ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ። እዚያ ላይ ትልቅ ሥዕል ይገባል፣ ከውስጥ የተቀነጨበ ገጽ ይገባል፣ የደራሲው ፎቶና አጭር ታሪክ ይገባል። አላፊ አግዳሚው ገዢ ቆም ብሎ እንዲያይ ነው። ሙሽራስ ሳትኳል መች ከጓዳ ትወጣለች? እናቴ ያለችው እንዲያውም ልክ ነው።

ችግሩ ሙሽራይቱ ሳትሆን ወላጆቿ ናቸው። የአገሬን ደራሲዎች ማለቴ ነው። የእኛ አገር ደራሲ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያደርገው መጽሐፉን ማዋረድ ነው። «እንዲያው ጫር ጫር ያደረግኋት ናት፤ ምንም አይደለችም» ይላል። ይህን የሰማ የዋህ «እሺ» ካለ አለቀለት፤ ሁለተኛ ሰላምታ አያገኝም። «ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ ግሩም ሥራ ነው» እያልሁ ሦስት ጊዜ መለመን አለብኝ። በሦስተኛው ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ ይሁን» ይልና ከኮቱ ኪስ የገዛ ፎቶውን ያወጣል። አንድ ከአማኑኤል የመጡ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ ስለ ድንች አመራረት የጻፏትን ቀጭን መጽሐፍ «ለማንም አትረባም» እያሉ ሰጥተውኝ፣ ገጹ ላይ የእሳቸው ፎቶ ከድንቹ ቢያንስባቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬን አላነሡም።

ሰውን ብቻ እያማሁ መቀጠል ደግ አይደለም፤ የራሴም ነውር ነበረብኝ። ገጽ የምሠራላቸውን መጻሕፍት አላነባቸውም ነበር። የጀርባ ሽፋኑን አነባለሁ፣ መካከል ላይ ገለጥ አድርጌ ሁለት አንቀጽ እቀምሳለሁ፣ በቃ። «ወጥ የሠራች ሁሉ ቁጭ ብላ አትበላውም» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። ይህ ነውሬ የወጣብኝ በየኔታ ነው።

የኔታ ከይጁቤ አለፍ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ጉባኤውን ለተማሪያቸው አስረክበው፣ ይጁቤ ከእህታቸው ልጅ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። የእህታቸው ልጅ አስተማሪ ናት። እሳቸው እየነገሯት መጽሐፋቸውን በኮምፒውተር የጻፈችውም እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተያይዘው ደረጃዬን ወጡ፤ እሳቸው ከፊት በነጭ ጥምጥማቸው፣ እሷ ከኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ።

መጽሐፉ ስለ ተማሪ ቤት ዘመናቸው ነው። ከመምህር ወደ መምህር ሲዞሩ፣ ደበሎ ለብሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ቁራሽ ሲለምኑ፣ ከየመንደሩ ውሻ ጋራ ሲታገሉ። ታትሞ ከወጣ ቆይቷል፤ ነገር ግን አብዛኛው ከእህታቸው ልጅ አልጋ ሥር አልወጣም።

«ምንም አይደለችም» ይሉኛል ብዬ ልመናዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። የኔታ አላሉም።

«መጽሐፏ ደኅና ናት» አሉ እንደ ተቀመጡ። «አንድ ሰው እንዲያይልኝ ነው የምፈልግ።»

«አንድ ሰው ብቻ?»

«አንድ ሰው። ሌላው ቢያያት አልከፋም።»

ነገሩን እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ተማሪ ሳሉ አንድ ጓደኛ ነበራቸው። አራት ዓመት ባንድ ጎጆ ኖረዋል፣ ባንድ አኮፋዳ ለምነዋል። አኮፋዳ ተማሪ የለመነውን ቁራሽ የሚይዝበት፣ በትከሻ የሚንጠለጠል የሰሌን ከረጢት ነው። ያንን ጓደኛቸውን በደሉት፤ እሱም አንድ ጠዋት ወጥቶ ሄደ። ዐርባ ዓመት አለፈ። ወለጋ ነው ያለ አለ፣ መተከል ነው ያለ አለ፣ ሞቷል ያለም አልጠፋም። የኔታ ግን መሞቱን አልተቀበሉም።

«ይቅር በለኝ ብዬ ሽማግሌ እንዳልክበት አገሩን አላውቀውም» አሉ። «እንግዲህ መጽሐፏ ሽማግሌ ትሁነኝ ብዬ ነው የጻፍኋት። ሽማግሌ ደግሞ ካልጋ ሥር ተኝቶ አያስታርቅም። ይኸ የናንተ ሱቅ በሁሉ አገር ይታያል አለችኝ ይቺ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው የኔታ፤ በዓለም ሁሉ ይታያል።»

«በደሌ ምን እንደሆነ ከውስጧ አለ። ታነቢያት የለም?»

«አነባታለሁ» አልሁ። ዋሸሁ።

የእህታቸው ልጅ ጨርቁን ፈታችው። አኮፋዳ ወጣ። ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል፣ አፉ ዙሪያውን ተበልቷል። ጎኑ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ እራፊ ተጥፎበታል። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ክሩ አንዳንድ ቦታ ጠብቆ፣ አንዳንድ ቦታ ላልቶ፣ የጣፈው ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ይመስላል።

«ሥዕሏ ይቺ ትሁን» አሉ የኔታ። «ትልቅ አድርጊያት። እንዳለች።»

«የእርስዎስ ፎቶ?»

«የኔ ፊት ደግሞ ምን ይሠራል?»

«የደራሲው ቦታ የሚባል አለ የኔታ። ባዶ ከሆነ ያስጠላል።»

«ባዶ ይሁን። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስሕተቱን ነው የሚናዘዝ እንጂ ፊቱን አይለጥፍም። እንዲያውም ከሥዕሏ በታች እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ፤ የሳትሁትን አቅኑልኝ።»

የጥንት ጸሐፊዎች ልማድ መሆኑን አውቃለሁ። ብራና ጽፈው ሲጨርሱ ያጎደሉትን እንዲሞሉላቸው፣ የሳቱትን እንዲያቀኑላቸው አንባቢን ይማፀናሉ። ብራና ግን አይሸጥም ነበር ብዬ ተከራከርሁ።

«ስሕተት አለበት የተባለ ዕቃ ማን ይገዛል፣ የኔታ?»

«ስሕተት የሌለበት መጽሐፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምንደብቅ?»

እሺ አልሁና፣ በኋላ ቃሏን ከገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል ቀበርኋት።

ሰኞ ወደ ሥራ ገባሁ። አኮፋዳውን በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሣሁት። ሰሌኑ እንዴት እንዳማረ ልነግራችሁ አልችልም። ያረጀ ነገር ብርሃን ሲያገኝ ደስ ይላል። የርእሱን ፊደል በወርቅማ ቀለም አደረግሁት፤ ቡኒው፣ ጥቁሩና ወርቁ ተስማሙ። ያ ሰማያዊ እራፊ ግን ዓይኔን ወጋው። እኔ በምሠራው ሥራ ዓይን የት እንደሚሮጥ ማወቅ ግዴታ ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ ዓይን የሚሮጠው ወደ እራፊው ነበር። ርእሱን ማንም አያየውም።

በዚያች ክፍል ከደራሲዎች ፎቶ ላይ ስንት ኪንታሮት እንዳረገፍሁ፣ በስንት በራ ላይ ጠጉር እንዳበቀልሁ እኔና ኮምፒውተሬ እናውቃለን። ከረባት የሌለው ከረባት አስሬለታለሁ። ስለዚህ ደህና ከነበረው የሰሌኑ ጎን ጎንጉን ጎንጉኑን እየቀዳሁ በእራፊው ላይ መለስሁት። ጥላውን አስተካከልሁ፣ መጋጠሚያውን አለሰለስሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ወሰደብኝ። ሲያልቅ አኮፋዳው ትናንት የተሠራ መሰለ። «እንዳለች» ያሉኝን አልረሳሁም፤ በሌላ አኮፋዳ አትለውጪብኝ ማለታቸው ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምሁት። የሰው ቃል ለራስ ሲተረጉሙት መቼም አይከብድም።

ገጹ ወጣ። አማረ። ለእናቴ ባሳያት «ይህስ ተኩላለች» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የኔታና የእህታቸው ልጅ ሊያዩ መጡ። ትልቁን ስክሪን ወደ እሳቸው አዞርሁላቸው። ዓይናቸው ደካማ ነውና ጢማቸው መስተዋቱን እስኪነካ ቀረቡ። ብዙ ቆዩ። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር፤ ትንሽ ልግደረደርም አስቤ ነበር፣ እኔም ያው የዚያው አገር ልጅ ነኝ።

«የማን ናት ይቺ?» አሉ።

«የእርስዎ ናት የኔታ። አኮፋዳዋ ናት።»

«የኔማ የተቀደደች ናት።»

«አጸዳኋት» አልሁ በኩራት። «እራፊው ሥዕሉን ያበላሽ ነበር። አሁን አይታይም፤ ነክተውም አያገኙት።»

የእህታቸው ልጅ ወለሉን ታይ ጀመር። የኔታ ከስክሪኑ ራቅ ብለው ወንበራቸውን ተደገፉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ፈገግ አሉ እንጂ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ ዐርባ ዓመት ብሰግድ ያልለቀቀኝን ኃጢአት አንቺ በአንድ ጠዋት አጠብሽው? የነፍስ አባት ብትሆኚ ኖሮ እኮ ደጅሽ በሰው ብዛት አይከፈትም ነበር።»

ሳቅሁ። ሳቄ ግን ሳይጨርስ ቆመ፤ እሳቸው አልሳቁም ነበርና። «እሷን እራፊ ካላየ በምን ያውቀኛል?» አሉ ቀስ ብለው። የእህታቸው ልጅ ከጠረጴዛዬ ላይ መጽሐፉን አነሣች። ታጥፎ አያውቅም፤ አዲስ ነው፤ እሷም ይህን አየች። አንድ ገጽ ገልጣ ፊቴ አስቀመጠችና፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን እንመለሳለን ብላ እጃቸውን ይዛ ወረደች።

ከታች ፎቶ ኮፒው እየተንኳኳ፣ ሰው ለመታወቂያው ቅጂ እየተጯጯኸ፣ እኔ አነበብሁ።

ክረምት ነው። የኔታ ያኔ ወጣት ናቸው፣ ትኩሳት ይዟቸው ጎጆ ውስጥ ተኝተዋል። ጓደኛቸው ለሁለት ይለምናል። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አኮፋዳው ተቀዶ፣ ባዶውን ይዞ መጣ። «ውሾች ነጠቁኝ» አለ። በሽተኛው ቀኑን ሙሉ እህል ሲጠብቅ የዋለ ነው። ጓደኞቻቸው ሁሉ በተሰበሰቡበት «በልቶት ነው የመጣ» አለ። ጓደኛው ምንም አልመለሰም። ያለችውን አንዲት ሰማያዊ ሸሚዝ ጫፏን ቀደደ፣ ቁጭ ብሎ አኮፋዳውን ጣፈ፣ ከጎጆዋ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ሲነጋ የለም። ዝናሙ አልፎ በሽተኛው ሲድን፣ ያንኑ አኮፋዳ አንግቶ ከወንዝ ማዶ ወዳለ መንደር ለልመና ወጣ። አንዲት ሴትዮ ደጇ ላይ አኮፋዳውን አይታ ደነገጠች። ውሾቿ ያንን ምስኪን ተማሪ አኮፋዳውን ነጥቀው ሲያንገላቱት በጊዜ ሳልደርስለት ቀረሁ ብላ አለቀሰች። «ከዚያች ቀን ወዲህ በዚች አኮፋዳ ለምኜ አላውቅም» ይላል ገጹ። «ተቆጥቶ ሄዶብኛል፤ እውነቱንም ነው።»

አፈርሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ሰውዬው ዐርባ ዓመት ያስቀመጡትን ምስክር፣ ከወርቅማ ፊደል ጋራ አልተስማማም ብዬ ነበር የሰረዝሁት።

ሲመለሱ፣ ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ እኔ ዘንድ የቆየውን አኮፋዳ አስፈቅጄ በረንዳው ላይ ፀሐይ ውስጥ አደረግሁት። ይህን ጊዜ ፎቶ ያነሣሁት እራፊውን ብቻ ነው። ክሩ የጠበቀበት፣ የላላበት፣ መርፌው ስቶ ሁለት ጊዜ የገባበት ሁሉ ይታይ ነበር። የገጹን ስፋት ሙሉ ሰጠሁት። የቀበርኋትንም ቃል ከግርጌ አውጥቼ፣ ከእራፊው ሥር በትልቁ ጻፍኋት፤ የሳትሁትን አቅኑልኝ። ወርቅማውን ቀለም አነሣሁት። ከዚያም ቤት ወስጄ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ ይህን የምለው እንድትመሰግኑኝ አይደለም፣ እንዲያው የዘገየ ሥራዬ ነው።

ከዚያ የሆነውን እኔም ሱቁም አልጠበቅነውም።

የእኛ አገር የተማረ ሰው በእርማት ነው ያደገው። ቅኔ ቤት አንዱ ቆሞ ያዘጋጀውን ሲያሰማ፣ ሌላው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ የሚጠብቀው የት ጋ እንደሚስት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «የሳትሁትን አቅኑልኝ» ማለት፣ ጾም ውሎ ለመጣ ሰው ማዕድ አቅርቦ «ብላ» እንደማለት ነው። ከሞጣ ገዙ፣ ከቢቸና ገዙ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ ገዙ። ካህኑም፣ ቅስናውን ትቶ ጠበቃ የሆነውም፣ ድሮ ተማሪ የነበረ ሹፌርም። የገዙት ስሕተት ሊፈልጉ ነበር። ከዚያም ከገጹ ሥር አስተያየታቸውን መጻፍ ጀመሩ።

«ወንዙ በግራ በኩል ነው የተባለው ከቁይ ለሚመጣ ሰው ነው። ከይጁቤ ለሚመጣ በቀኝ ነው። ይታረም» አለ አንዱ፣ አምስት ኮከብ ሰጥቶ።

«የዚያ መንደር ውሾች ጥቁር ናቸው ተብሏል። እኔን የነከሰኝ ግን ቡላ ነበር። መጽሐፉ ግሩም ነው።» ይህም አምስት።

«ደራሲው የገብስ ቂጣ ያሉት የዳጉሳ ነው። ሴትዮዋን አውቃታለሁ።»

አንዱ ደግሞ በሐዘን «ስሕተት ፈልጌ አጣሁ፤ እንደገና አነበዋለሁ» ብሎ ጽፏል።

ከኢንተርኔት ሱቁ አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «ገጹ ላይ ያለው አስተያየት ሁሉ ስሕተት ስሕተት ነው የሚለው። እናጥፋላችሁ?» አለችኝ።

«ኮከቡን አይተሽዋል?»

«ሁሉም አምስት አምስት ነው» አለች ግራ እንደ ተጋባች።

«እንግዲያ ተዪው» አልኋት። የመሰረዝ ነገር ከዚያ ወዲያ አስጠልቶኝ ነበር።

ይጁቤ ላይ፣ ከአልጋ ሥር ያለው መጽሐፍ ተመዘዘ ተመዘዘና አንድ ቀን አልጋው ተንጋደደ። ለካ አንዱ እግሩ በመጽሐፍ እስር ላይ ቆሞ ኖሯል። የእህታቸው ልጅ ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። በየሳምንቱ ቅዳሜ እየደወለች ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ታስቀምጥና፣ አዲስ የመጣውን አስተያየት ለየኔታ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው እያንዳንዱን ይፈርዳሉ። «ይኸ ልክ ነው፣ ወንዙን ስቻለሁ።» «ይኸኛው ያኔም ሰነፍ ነበር፤ ውሻና ጥጃ አይለይም።» ሲያልቅ ግን ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም የኔታ።»

«በጀ» ይላሉ።

ሽያጩ ባማረ ቁጥር የእኔ ልብ እየወደቀ ሄደ። ለሌላ ደራሲ ቢሆን ከበሮ የሚያስመታ ነበር። ለየኔታ ግን ያ ሁሉ ገዢ «ሌላው» ነበር፤ ቢያያት አልከፋም ያሉት ሌላው። አንድ ቅዳሜ፣ ዐቢይ ጾም እየገፋ ሳለ፣ ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ ሳይጠይቁኝ ቀሩ።

«አገሩ ሁሉ አቀናኝ» አሉ በስልክ ውስጥ። «እሱ ብቻ ዝም አለ። ያኔም ዝም ነው ያለኝ።»

ሞቷል የሚለውን ወሬ ያን ቀን አምኜው ነበር።

በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬን ከፍቼ፣ ኮምፒውተሩን አብርቼ፣ እንደ ልማዴ ገጹን አየሁ። አንድ አዲስ አስተያየት አለ። ኮከብ አልሰጠም። በስም ቦታ «አኮፋዳውን የጣፈው» ይላል።

«አያቴ እያሉኝ ነው የምጽፈው» ብሎ ይጀምራል። «ሁለት ስሕተት ተገኝቷል። አንደኛ፣ እራፊው ከሸሚዙ ጫፍ ተቀደደ ይላል። ከቀኝ እጅጌዬ ነው። ሁለተኛ፣ ጓደኛዬ ተቆጥቶ ሄደ ይላል። አልተቆጣሁም። ውሻዋ ከአኮፋዳው በፊት ባቴን ይዛኝ ነበር፤ ታመህ ስለ ነበር አላሳየሁህም። ለምኖ የማያመጣ ሰው ለበሽተኛ ሸክም ነው ብዬ፣ እያነከስሁ ወደ አጎቴ ሄድሁ። ይህ ይታረም። ስፌቴ ሳይፈታ መቆየቱ ደስ ብሎኛል። ያለሁት ከቁይ አጠገብ፣ ከልጄ ቤት ነው።»

ወዲያው ለእህታቸው ልጅ ደወልሁ። ስልኩን ከየኔታ ፊት አስቀመጠችው። አነበብሁ። 

«ድገሚው» አሉ። ደገምሁት። «ድገሚው።» ሦስተኛ ጊዜ አነበብሁት።

«ውሸት ነው» አሉ የኔታ።

«ምን አሉኝ?»

«እርማቱ ልክ አይደለም። ተቆጥቶ ነበር። ፊቱን አይቼዋለሁ እኮ። በደሌን ሊያቀልልኝ ነው። ያኔም እንዲህ ነበር፤ ትልቁን ቁራሽ ለኔ ሰጥቶ፣ እኔ በመንገድ በልቻለሁ ይለኝ ነበር።» ከዚህ በኋላ መናገር አቃታቸው። የእህታቸው ልጅ ስትነፋረቅ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ መጣ። «ለመሆኑ የት ነኝ አለ?»

«ቁይ አጠገብ።»

«ቁይ?» አሉ። «ዓለሙ ሁሉ ያያታል ያልሽኝ ይኸንን ነው? በበቅሎ የሚደረስበትን?»

«እሱም ዓለም ውስጥ ነው የኔታ።»

«በይ እሺ» አሉና ከእህታቸው ልጅ ጋራ ክርክር ገጠሙ። ዛሬ መኪና አለ ወይ ይላሉ። እሷ ደግሞ ሕማማት ነው፣ ለፋሲካ ብንሄድ ይሻላል ትላለች። «ሳልታረቅ ልሰግድ?» ሲሉ ሰማሁ፤ ስልኩ ተዘጋ።

የሆነውን በኋላ ከእህታቸው ልጅ ሰማሁ። ያን ዕለት ሄዱ። በሕማማት መሳሳም የለም፣ እጅ መጨባበጥም የለም። ዐርባ ዓመት የተለያዩ ሁለት ሽማግሌዎች ክንድ ያህል ተራርቀው ቆሙ። መሳሳም ሲከለከሉ ጊዜ ተከራከሩ። «ተቆጥተህ ነበር።» «አልተቆጣሁም።» «ፊትህን አይቻለሁ።» «ትኩሳት ይዞህ ምን ታያለህ?» ሰው እስኪስቅባቸው ድረስ፣ እስከ ስቅለት ስግደት፣ ከስግደቱም በኋላ። ፋሲካ ሲሆን ያቆሙ እንደሆነ ብላ ጠበቀች። ፋሲካ ሆነ፤ ተሳሳሙ፤ ተላቀሱ፤ ዶሮው ሲቀርብ እንደገና ጀመሩ።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ፎቶ ላከችልኝ። «የኔታ የደራሲው ቦታ ላይ ይግባ ብለዋል። እንዳለ» የሚል ጽፋበታለች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአንድ ቤት ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አኮፋዳው በመካከላቸው ነው። ጓደኛቸው ጋቢውን ገልጦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በጣቱ ባቱን እያሳየ ጥርሱ የቀረለት ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። የኔታ ዓይናቸው ደካማ ነውና፣ እውነት መሆኑን ሊያረጋግጡ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸው ባቱን ሊነካ ደርሷል። ፊታቸው ምንም አይታይም፣ ጥምጥማቸው ብቻ። ፊቴን አልለጥፍም ያሉትን አላፈረሱም።

በእኔ ሥራ ሚዛን እጅግ መጥፎ ፎቶ ነው። ከኋላ ቢጫ ጄሪካን አለ። በቀኝ ጥግ የዶሮ ግማሽ አለ። ፀሐዩ ከተሳሳተ ወገን መጥቷል። ሁሉንም እንዳለ ባዶ ወደ ነበረው ወደ ደራሲው ቦታ አስገባሁት። ከሥሩ እንዲጻፍ የኔታ በስልክ ያስያዙኝ ቃል ይህ ነው፤ «አንደኛው እርማት ልክ ነው፤ ከእጅጌው ነው። ሁለተኛውን ገና አልተማመንንም።»

ገጹን ከመልቀቄ በፊት ጓደኛቸው የሚያሳየውን አቀረብሁና አየሁት። በባቱ ላይ ጎድጎድ ያሉ አራት የጥርስ ምልክቶች አሉ፤ ቆዳው ዙሪያቸውን ተኮማትሮ ነጥቷል። ለማጥፋት አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ትልቅ አደረግሁት።